ለልጆች ጊዜ ቴምብር ቢወጣ

ጋፋት ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ የምትገኝ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያስቀለጡባት ስፍራ ናት። ይህ ጨዋታ የተካሄደው እዚያው፣ ሁለት ሰዎች አንድ የቴምብር አልበም መሀላቸው አስቀምጠው ነው። አንደኛው ዕድሜያቸውን በፖስታ ቤት መስኮት ጀርባ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ሁለተኛዋ የእህታቸው ልጅ ስትሆን ደብረ ታቦር ከተማ በአፀደ ሕፃናት ታስተምራለች። አልበሙ የያዘው የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅቶችን ለማስታወስ የወጡ ቴምብሮችን ብቻ ነው። ነገሥታትና አርበኞች የሞሉባቸው ሌሎች አልበሞች መደርደሪያ ላይ አሉ፤ የዚያን ዕለት ግን አልወረዱም።

አጎት፦ በጣትሽ አትንኪው፤ በወረንጦው ያዥው። የጣት ወዝ ቴምብር ይበላል።

መምህርት፦ ይኸው አጎቴ። ይኼ በቅሎ ነው እንዴ?

አጎት፦ በቅሎ ነው፤ ስሙ ማፊን። እንግሊዞች ለልጆቻቸው በቴሌቪዥን ያሳዩት የነበረ አሻንጉሊት ነው። በክር እየተጎተተ ፒያኖ ላይ ይጨፍራል፤ አኔት ሚልስ የምትባል ሴት ደግሞ ፒያኖውን እየመታች ትዘፍንለታለች። ቢቢሲ ላይ ብቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ሃምሳ ዓመቱ ሲደፈን፣ በ1996፣ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት የልጆች ቴሌቪዥንን በዓል አድርጎ አምስት ቴምብር አወጣ። የሃያ ፔንሱን ይህ በቅሎ ወሰደው።

መምህርት፦ ለእኛ ልጆች በቅሎ በቴሌቪዥን ብናሳይ ይስቁብናል። ደጅ የታሰረችውን ምን ብለው ሣጥን ውስጥ ያያሉ?

አጎት፦ የለንደን ልጅ ግን በቅሎ ከየት ያገኛል? በይ ቀጥይ። ይኼ ሱቲ ነው፤ እጅ ውስጥ የሚጠለቅ ድብ። ሃሪ ኮርቤት የሚባል ሰው በ1948 ብላክፑል በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ለልጁ ማጫወቻ ብሎ ገዛው፤ ኋላ ቴሌቪዥን ላይ ይዞት ወጣ፣ እንጀራውም ሆነ። ይኼኛው ስቲንግሬይ፣ የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ታሪክ ነው። እነዚህ ሮዛ ሮዛዎቹ ክላንገርስ ናቸው፤ ከሱፍ ክር የተሠሩ አይጥ መሰል ፍጥረቶች ናቸው፣ ትንሽ ፕላኔት ላይ እየኖሩ በፉጨት ይነጋገራሉ። የመጨረሻው ዴንጀርማውስ፣ ሰላይ አይጥ ነው።

መምህርት፦ ሁለት ዓይነት አይጥ፣ አንድ ድብ፣ አንድ በቅሎ። አጎቴ፣ አይቆጡኝና፣ አንቱ ከእነዚህ አንዱን እንኳ በቴሌቪዥን አይተዋል?

አጎት፦ አንዱንም።

መምህርት፦ ታዲያ ምን ያደርግልዎታል? የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል።

አጎት፦ እኔም የናፈቅሁት የለም፤ የገረመኝ ነው። ከውጭ የሚመጣ ደብዳቤ ስንለይ ከፖስታው ጥግ ሁልጊዜ የምናየው ንጉሥ፣ ባንዲራ፣ ድልድይ፣ ወፍ ነው። አንድ ቀን ይኼ ከሱፍ የተሠራ አይጥ መጣ። ጎኑ ላይ ደግሞ የንግሥቲቱ ራስ በትንሹ ተቀምጧል። የእንግሊዝ ቴምብር የአገሩን ስም አይጽፍም፤ ቴምብር የጀመሩት እነሱ ስለሆኑ የገዢያቸው ራስ ይበቃቸዋል። እና ንግሥቲቱና አይጡ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን! አሳሪው መንግሥት፣ ገዢው መንግሥት፣ ቁም ነገረኛው መንግሥት ለአይጥ ቦታ ሰጠ። ባለቤቱ ደብዳቤውን ሲወስድ ቴምብሩን እንዲተውልኝ ለመንሁት። ከዚያ ወዲህ ይኸው።

መምህርት፦ ንግሥቲቱን ካነሡ ዘንድ ጋፋትን ሳያነሡ አያልፉም።

አጎት፦ እንዴት ብዬ አልፋለሁ! በዓለም የመጀመሪያዋ ቴምብር፣ ጥቁሯ ፔኒ፣ በ1840 ስትወጣ የማን ራስ ነበር ያለባት? የንግሥት ቪክቶሪያ። ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ደብዳቤ የጻፉት ለማን ነው? ለዚያችው። ቆንሲል ካሜሮን ደብዳቤውን ላከው፣ ለንደን ደረሰ፣ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ከተተው። መልስ የለም። ለዓለም ሁሉ ቴምብር ላይ ሆና ደብዳቤ የምታደርሰው ሴትዮ የእኛን ደብዳቤ ሳትመልስ ቀረች። መልእክተኛው ራሳም መልሱን ይዞ እስኪመጣ ሦስት ዓመት አለፈ፤ እስከዚያ ካሜሮን ታስሯል፣ ነገሩ ከርሯል። በ1859 ዓ.ም. እዚህ ከተራራው ሥር የሚስዮን አንጥረኞች ሴባስቶፖልን አቀለጡ፣ ሕዝብ እየጎተተ መቅደላ አወጣው፤ የሆነው ሁሉ ሆነ።

መምህርት፦ ሁሉንም በፖስታ ቤት ማሳበብዎ ነው።

አጎት፦ ሁሉንም አላልሁም። ግማሹን።

(እኔ እዚህ ላይ የአጎትን ስሌት አልቀበልም፤ የመቅደላ ጦርነት መንስኤ በአንድ የተረሳ ደብዳቤ አያልቅም። ነገር ግን ለአርባ ዓመት ደብዳቤ ሲለይ የኖረ ሰው ታሪክን ከዚህ በኩል ቢያየው አይፈረድበትም።)

መምህርት፦ ይሁን። ወደ ልጆቹ እንመለስ። እነዚህኛዎቹ ብዙ ናቸው።

አጎት፦ እነዚያ የ2014ቶቹ ናቸው፤ አሥራ ሁለት ናቸው። እንግሊዞች ሁለተኛ ዙር አወጡ። ይኼ ባግፐስ የሚባል ባለ መስመር ድመት ነው። ስንት ክፍል የተሠራለት ይመስልሻል?

መምህርት፦ እንጃ። መቶ?

አጎት፦ አሥራ ሦስት! አሥራ ሦስት ክፍል ብቻ፣ በ1974። እሱኑ እየደጋገሙ ሲያሳዩት ያልተኛ ልጅ የለም፣ ያደገም አልረሳው። ይኼ ደግሞ የእኔ ሰው ነው፤ ፖስትማን ፓት። ገጠር ውስጥ በቀይ መኪና ደብዳቤ የሚያድል፣ ጥቁርና ነጭ ድመት ከጎኑ የማትለይ። የፖስታ ሠራተኛ የልጆች ጀግና ሆኖ፣ ያ ጀግና ተመልሶ ቴምብር ላይ ሲወጣ! እኔ በሥራዬ ዘመን እንዲህ የከበረ ባልደረባ አላየሁም።

መምህርት፦ የእኔ ልጆች ፓትን ቢያዩት አይገባቸውም። እኛ ዘንድ ደብዳቤ ቤት ድረስ የሚያመጣ ሰው መቼ ነበር? የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው ያለን፣ እሱም ለመሥሪያ ቤትና ለባለ ሣጥን። "ፖስታ" ስላቸው ደግሞ የሚያውቁት ለሠርግ ብር የሚከተትበትን ነው።

አጎት፦ እሱንስ እውነትሽን ነው።

መምህርት፦ ስለዚህ እኔ የምጠይቅዎ ይኼን ነው። አልበሙ ሙሉ የሰው ልጆች ትዝታ ነው፤ የእኛስ የታለ? የእኛ የልጆች ቴሌቪዥን የታለ?

አጎት፦ እኔ አልበም ውስጥ የለም። ቦታውን ግን ትቼለታለሁ፤ ያን ባዶ ገጽ አየሽው? የአባባ ተስፋዬ ነው።

መምህርት፦ ገመትሁ።

አጎት፦ አባባ ተስፋዬን ዘንግቶ የኢትዮጵያን ልጆች ቴሌቪዥን የሚያነሣ ሰው አለ? ቴሌቪዥኑ ራሱ ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፣ በንጉሡ የዘውድ በዓል ዕለት፤ ስቱዲዮውም የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር። ተስፋዬ ሣህሉ ያን ጊዜ የታወቀ የመድረክ ሰው ነው። ኮርያ ድረስ ሄዶ ለዘማቹ የቃኘው ሻለቃ ተጫውቷል። ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን ቀሚስ ለብሶ የሴት ገጸ ባሕርይ ተጫውቷል። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው እንግዲህ ካሜራ ፊት ቁጭ ብሎ ለልጆች ተረት ያወራው። አርባ ሁለት ዓመት!

መምህርት፦ አርባ ሁለት ዓመት አንድ ሰው አንድ ወንበር ላይ መቀመጡን እንደ ሙያ ይቆጥሩታል?

አጎት፦ እንዴት አልቆጥር! ንጉሡ ሄደው፣ ደርግ መጥቶ ሄዶ፣ ሌላው ተተክቶ፤ ሁሉም ቴሌቪዥኑን የራሱ ሲያደርገው ዜናው ተቀየረ፣ መዝሙሩ ተቀየረ፣ ሰላምታው ሳይቀር ተቀየረ። ልጆች ጋ ሲደርስ ያው ሰው ነው፤ እጅ ነሥቶ ሰላምታ የሚሰጥ፣ የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች የሚል። ልጆቹም በየተራ እየወጡ ተረት ይነግሩታል፣ እንቆቅልሽ ይጠይቁታል። አሜሪካ ውስጥ ፍሬድ ሮጀርስ የሚባል ነበር፤ ይኸውልሽ ቴምብሩ፣ ቀይ ሹራብ ለብሶ፣ ንጉሥ የሆነ አሻንጉሊት እጁ ላይ አድርጎ። እሱ በመላ አገሪቱ መታየት የጀመረው በ1968 ነው፤ የእኛው ሰውዬ ሦስት ዓመት ያህል ይቀድመዋል። አሜሪካኖች በሕይወት ያለ ሰው ቴምብር ላይ አያወጡም፤ ሮጀርስ በ2003 አረፈ፣ በ2018 ቴምብሩ ወጣ። አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አረፉ።

(ልብ በሉ፤ አጎት ስለ ሥራው ሲያወሩ "ተጫውቷል" ይላሉ፣ ስለ ሞቱ ሲያወሩ "አረፉ"። ሰውየው ለእሳቸው በመሀል ነው ያረጀው።)

መምህርት፦ አጎቴ፣ አባባ ተስፋዬን እወዳለሁ፤ ማን ይጠላቸዋል። ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። አንቱ ያዩዋቸው አዲስ አበባ ሥልጠና በሄዱ ጊዜ ጎረቤት ቤት ነው፤ ራስዎ ነግረውኛል። ጫማ ደጅ ተወልቆ፣ ልጆች ምንጣፍ ላይ ተደርድረው፣ የቤቱ ባለቤት ጠጋ በሉ እያሉ። በዚያ ሰዓት እናቴ እዚህ ጋፋት ምን ታይ ነበር?

አጎት፦ እሳት።

መምህርት፦ እሳት። ቴሌቪዥኑ በመጀመሪያ የሚደርሰው አዲስ አበባና ዙሪያዋን ብቻ ነበር። እናቴ ተረት የሰማችው ከአያቴ ነው። "ተረት ተረት" ሲባል "የላም በረት" ብላ የምትመልሰው ምድጃ ዳር ተቀምጣ፣ ድንች እየተጠበሰ። እንግዲህ "የአንድ አገር ልጆች በአንድ ሰዓት አብረው ያዩት" ብለው ቴምብር ሲያወጡ፣ አገሩ የትኛው ነው? የአዲስ አበባ ሳሎን?

አጎት፦ የሚያሳፍር ጥያቄ አመጣሽብኝ።

መምህርት፦ ለማሳፈር አይደለም።

አጎት፦ ቆይ ልመልስልሽ። እናትሽ የሰማችው ተረትና አባባ ተስፋዬ ያወሩት ተረት ከአንድ ጎተራ የወጣ ነው። ጅቡና አህያዋ፣ ቀበሮዋ፣ ብልጡና ሞኙ። እሳቸው አዲስ ነገር አልፈጠሩም፤ ምድጃው ዳር የነበረውን ወስደው መብራት በርቶበት አወሩት። እንግሊዝ በቅሎ በክር ጎተተች፣ አሜሪካ ንጉሥ በእጇ አጠለቀች፤ እኛ ጋ ግን ሽማግሌ ራሱ መጥቶ ተቀመጠ። አሻንጉሊት አላስፈለገንም። ለምን? ልጆቻችን ተረት የሚነግር ሽማግሌ ምን እንደሚመስል ቀድመው ያውቁ ነበራ! እናትሽ በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ብትወሰድ፣ ሳሎኑ ይከብዳት ይሆናል እንጂ አባባ ተስፋዬ አይከብዷትም ነበር።

መምህርት፦ ይኼን አልነፍግዎትም። ጥሩ ብለዋል። ግን እኔስ? እኔ እኮ እዚሁ ያደግሁ ነኝ። አንደኛ ደረጃ ስማር ክፍል ውስጥ ሬዲዮ ተደግኖ ትምህርት በሬዲዮ ሰማን፤ መምህራችን ጸጥ ያሰኙናል፣ ሬዲዮኑ ጠየቀን፣ በኅብረት መለስን። ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ደግሞ ፕላዝማ መጣ። የገጠር ከተማ ልጅ የመጀመሪያ ቴሌቪዥን ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ፕላዝማ ነው።

አጎት፦ ያን የብረት ሣጥን ውስጥ የተቆለፈውን?

መምህርት፦ እሱን። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃው የገባው። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣል፤ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ባዮሎጂ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም በሩጫ። መምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ሌላውን ከእኛ ጋር ቆሞ ያያል። የፕላዝማው ሰውዬ "አሁን መልሱን ጻፉ" ይላል፣ እኛ ጥያቄውን ሳንጨርስ መልሱ ይመጣል። መብራት ሲጠፋማ በደስታ እንጮሃለን። እና ይኼ እኮ አጎቴ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቃል፣ ከሞያሌ እስከ ሑመራ ያለ ተማሪ አብሮ ያየው ነው። አብሮ ማየት ብቻ ቴምብር ካስገባ፣ ከአባባ ተስፋዬ ይልቅ ፕላዝማ ይገባዋል!

አጎት፦ ኧረ ተይኝ! ምነው ምነው!

መምህርት፦ እሺ አይገባውም። ለምን አይገባውም? ይንገሩኛ።

አጎት፦ ልጅ ወዶ ያላየው ነገር ቴምብር አይሆንም።

መምህርት፦ አዎን! አሁን ተግባባን። ስለዚህ "አብሮ ማየት" የሚለውን ይተዉት። አንድ ጣቢያ ብቻ ነበረ፤ ሌላ ምን ያዩ ነበር? ያ ችግር ነው፣ ክብር አይደለም። ልጆቹ ወደው ማየታቸውን ነው የምናከብረው። በዚህ ከተስማሙልኝ ሁለተኛ ባዶ ገጽ ይክፈቱ።

አጎት፦ ለማን?

መምህርት፦ ለፀሐይ።

አጎት፦ ለዚያች ለቀጭኔዋ?

መምህርት፦ ለቀጭኔዋ። "ፀሐይ መማር ትወዳለች"። ብሩክታዊት ጥጋቡ የምትባል መምህርት ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር የጀመረችው። መምህርት መሆኗን ልብ ይበሉልኝ። የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ ትጠይቃለች፣ ትሳሳታለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ ፊደል ትቆጥራለች፣ የሚያጽናናት ስታጣ ታለቅሳለች። ድምፅዋ የብሩክታዊት ነው። ቴሌቪዥን ላይ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። አባባ ተስፋዬም ያን ወንበር የተዉት በዚያው ዘመን ነው፤ አንዱ ሲነሣ ሌላዋ ቁጭ አለች። በ2008 የጃፓን ሽልማት አገኘች፤ ብሩክታዊትም በ2010 የሮሌክስ ሽልማት ተሰጣት።

አጎት፦ ቀጭኔ ግን ጋፋት የለ፣ ጎንደር የለ። በቅሎውን ስታሾፊበት አልነበር?

መምህርት፦ ያዙኝ! ልክ ነዎት፣ በቅሎውን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ግን እኔ ክፍል ውስጥ የማየውን ልንገርዎ። ሽማግሌ ሲያወራ ልጆቹ ይሰማሉ፣ ዝም ይላሉ። ቀጭኔዋ ስትሳሳት ግን ይነሣሉ፤ "እንዲህ አይደለም!" ብለው ያርሟታል። የአራት ዓመት ልጅ ሌላ ሰው ሲያርም አይተው ያውቃሉ? እኛ ዘንድ ልጅ አዋቂ አያርምም፣ ላሳደገው ነውር ነው። አሻንጉሊት ያስፈለገን ለዚህ ነው። አባባ ተስፋዬ ልጁን አስተማሩት፤ ፀሐይ ደግሞ ልጁ እንዲያስተምራት ትፈቅዳለች።

አጎት፦ (ወረንጦውን አስቀምጠው) ይኼን እኔ አላሰብሁትም። ይኸው በአሜሪካኖቹም አለ፤ ሰሳሚ ስትሪት በ2019 ሃምሳ ዓመቱን ሲያከብር አሥራ ስድስት ቴምብር በአንድ ገጽ ወጣለት። ሰው የሚባል የለበትም፤ ሁሉም አሻንጉሊት ነው። ትልቁ ቢጫ ወፍ፣ ኩኪ የሚበላው፣ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የሚኖረው ነጭናጫ። ይቺ ቀይ ፀጉር ያላት ጁሊያ ናት፤ ኦቲዝም ያለባት ልጅ አድርገው ነው የፈጠሯት።

መምህርት፦ እሷንም ቴምብር ላይ አወጧት?

አጎት፦ ከወፉ እኩል።

መምህርት፦ ይኼን ገጽ ለክፍሌ ወላጆች ማሳየት አለብኝ። ያውሱኝ።

አጎት፦ አልበም አይዋስም። ወላጆቹን ይዘሻቸው ነይ።

(የቴምብር ሰብሳቢ ንፍገት የታወቀ ነው፤ ለመቶ እንግዳ ቡና ያፈላል እንጂ አንድ ገጽ አያወጣም።)

መምህርት፦ ይኼ ግን ከወረቀቱ አልተላቀቀም።

አጎት፦ አይላቀቅማ። የድሮውን ቴምብር ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ትነክሪዋለሽ፣ ሙጫው ይለቃል፣ ጋዜጣ ላይ ፊቱን ደፍተሽ ታደርቂዋለሽ፣ መጽሐፍ ውስጥ ትጫኚዋለሽ። የአሁኑ የአሜሪካ ቴምብር እንደ ስቲከር ነው፤ ውኃ አይገባውም። ዙሪያውን ትንሽ ወረቀት ትተሽ በመቀስ መቁረጥ ነው። ያልተጠቀሙበት ንጹሕ ቴምብር ሲሆን ደግሞ የእኛ ክረምት ጠላቱ ነው። ሐምሌ ላይ ጉም ቤት ውስጥ ሲገባ ባለ ሙጫው እርስ በርሱ ይጣበቅና ሽልንግ አያወጣም።

መምህርት፦ አሁን ደብዳቤ የሚጽፍ ሳይኖር ቴምብር ማውጣቱስ? እንደ እውነቱ ለሰብሳቢ ብቻ አይደለም የሚታተመው?

አጎት፦ አንዳንዱ እንዲያ ነው። ትንንሽ አገሮች በዲዝኒ ሥዕል ቴምብር ያሳትሙ ነበር፤ ሳን ማሪኖ በ1970 ጀመረችው፣ የካሪቢያን ደሴቶች ተከተሉ፣ አፍሪካም ገባበት። ሚኪ ማውስ የዚያን አገር ቴምብር አድምቆ፣ የዚያ አገር ልጅ ግን ቴምብሩንም ሚኪንም አያይም። ሽያጩ ውጭ አገር ነው። እኔ ከእነዚያ አልሰበስብም። የእኛ ፖስታ ቤት ወፉን፣ ዋልያውን፣ የመሶቡን ስፌት፣ የየአገሩን የፀጉር አሠራር ነው ያወጣው፤ ደግ አደረገ።

መምህርት፦ ከዋልያና ከመሶብ ቀጥሎ አባባ ተስፋዬ ቢመጡ አያስነውርም።

አጎት፦ እንዲያውም የተገባ ነው። ኢትዮጵያ በ1886 ዓ.ም. የመጀመሪያ ቴምብሮቿን ፓሪስ ስታሳትም ሰባት ነበሩ፤ አራቱ የምኒልክ መልክ፣ ሦስቱ አንበሳ። መልክና አውሬ። የአባባ ተስፋዬና የቀጭኔዋም ያው ነው!

መምህርት፦ (እየሳቀች) እንዲህ ካሰቡት ተስማማን ማለት ነው። አሁን ሥዕሉን እንነጋገር። አባባ ተስፋዬ እንዴት ይሣሉ?

አጎት፦ ፊታቸው። ነጭ ፀጉር፣ ያ ፈገግታ፣ ከታች ስማቸው። ሌላ ምን ያስፈልጋል?

መምህርት፦ ፊት አልፈልግም።

አጎት፦ እንዴ!

መምህርት፦ ይስሙኝ። ፊታቸውን ሁሉም ያውቀዋል። እኔ የምሥለው ሳሎኑን ነው፤ ከኋላ። የልጆች ጀርባ፣ ብዙ ጀርባ፣ የተላጨ ራስ፣ ቁንጮ፣ ሹሩባ። ደጃፍ ላይ የተወለቀ ጫማ ተከምሮ። አንዱ ልጅ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ፣ አልገባ ብሎት ወይ አስገቢ አጥቶ። ከሁሉም ራቅ ብሎ ሣጥኑ፣ ሣጥኑ ውስጥ አውራ ጣት የሚያህሉ አባባ ተስፋዬ። እንዲያ ከሆነ በመስኮት ያየውም፣ ጨርሶ ያላየውም ይገባበታል።

አጎት፦ ቴምብር እኮ ጥፍር ነው የሚያህለው። ይኼን ሁሉ ጀርባ የት ትከቺዋለሽ?

መምህርት፦ ትልቅ አድርጎ ማተም ነው። ወይም በብሎክ፣ አራት ቴምብር ሲገጣጠም አንድ ሥዕል የሚሆን።

አጎት፦ ብሎክ... አዎ፣ ይቻላል። አራት ሲገጣጠም። ጫማዎቹ በአንደኛው፣ መስኮቱ በሁለተኛው። መጥፎ አይደለም። ግን አንዱ ተቀዶ ደብዳቤ ላይ ሲለጠፍ ሰው የጫማ ክምር ብቻ ይደርሰዋል።

መምህርት፦ ይድረሰው! ቀሪውን ይፈልግ። ሰብሳቢ እንዲህ አይደል የሚፈጠረው?

አጎት፦ አሁን የእኔን ሥራ ለእኔ ማስተማር ጀመርሽ። እሺ። ቀጭኔዋስ?

መምህርት፦ ቀጭኔዋ ፊቷ ይታይ፤ አፏን ከፍታ፣ ስትሳሳት።

አጎት፦ ስትሳሳት እንዴት ይሣላል?

መምህርት፦ "ሀ"ን ወደ ኋላ አዙራ ጽፋ። ልጆች ያርሙታል።

አጎት፦ የማተሚያ ቤት ስህተት ነው ብሎ ሰብሳቢው ሁሉ ይሻማበታል! የተሳሳተ ኅትመት እኮ ነው ዋጋ የሚያወጣ።

መምህርት፦ ይሻማ። ዋጋው ግን ትንሽ ይሁን፤ ልጅ ከኪሱ የሚገዛው። ትልቁ ዋጋ የሚደረግበት የውጭ አገሩ ላይ ነው፣ እሱን ዳያስፖራው ይግዛ። በመጀመሪያው ቀን ማኅተም ደግሞ አዲስ አበባ ብቻ አይመታ፤ ደብረ ታቦርም ይመታ። ነሐሴ 13፣ በቡሄ።

አጎት፦ በቡሄ! ልጆቹ ጅራፍ እያጮሁ፣ ሙልሙል ይዘው ፖስታ ቤት ደጅ ይሰለፋሉ። መስኮቱ ላይ ያለውን ጸሐፊ አያድርገኝ። እሺ፣ ሁለት ተከታታይ አወጣን፤ የአባባ ተስፋዬ ብሎክና የቀጭኔዋ። እንግዲህ አልበሙ ውስጥ ሁለት ገጽ እከፍታለሁ።

መምህርት፦ ሦስት።

አጎት፦ ሦስተኛው የማን ነው?

መምህርት፦ የፕላዝማ።

አጎት፦ አሁን ልጅ ወዶ ያላየው አይሆንም ብለን ተስማምተን!

መምህርት፦ አንቱ አሉ እንጂ እኔ አዎን ያልሁት ለአባባ ተስፋዬ ነው። እኛ የፕላዝማ ልጆች ነን፤ ብንጠላውም አብረን ጠልተነዋል። ሰውየው መልሱን ሲናገር፣ ስድሳ ተማሪ እስክሪብቶ ነክሶ፣ መምህሩ ግድግዳ ተደግፎ። ቆንጆ ሥዕል ይወጣዋል።

አጎት፦ ፕላዝማ ቴምብር ከወጣ እኔ አልገዛም። ይመዝገብልኝ።

መምህርት፦ ይገዛሉ።

አጎት፦ አልገዛም አልሁ! ...ለአልበሙ አንድ፣ ለልውውጥ አንድ። ከዚያ በላይ አንድ አልጨምርም።